ሜልቪኒያን ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ1850 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ አዛውንት ባለርስት ለወራሾቹ ኑዛዜ ሲጽፍ፣ ከከብቱና ከእርሻ መሣሪያው ጋር አንዲት የስድስት ዓመት ልጅም አወረሰ። ሜልቪኒያ ትባላለች። ገማቾች 475 ዶላር አወጡላት። ከዚያም ጆርጂያ ወደሚገኘው የሄንሪ ሺልድስ እርሻ ተወሰደች።

የዚች ልጅ የዘር ሐረግ ከአምስት ትውልድ በኋላ ሚሼል ኦባማ ላይ ይደርሳል። ይህን በ2009 ይፋ ያደረጉት የዘር ሐረግ ተመራማሪዋ ሜጋን ስሞሌንያክና የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛዋ ሬቸል ስዋርንስ ናቸው።

ፍለጋው ቀላል አልነበረም። አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ብትቆጥርም፣ በ1850 እና በ1860 ባሮች የተመዘገቡት ለብቻቸው፣ በባለቤታቸው ስም ሥር ነው፤ የሚጻፈውም በአብዛኛው ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነበር። ነፃ የወጡት ሁሉ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ዘመድ የሚሻ ሰው የጌቶችን ኑዛዜ፣ የንብረት ግምትና የሽያጭ ውል ማገላበጥ አለበት። የሜልቪኒያም የልጅነት ስም የተረፈው እንደ ዕቃ ስለተወረሰች ነው፤ ይህን እያወቁ ያንን ወረቀት ማንበብ ይከብዳል።

የ1870ው ቆጠራ ሜልቪኒያን ከአራት ልጆቿ ጋር፣ ከሄንሪ ልጅ ከቻርልስ ሺልድስ እርሻ አጠገብ አገኛት። ሦስቱ ልጆች፣ በኋላ በበርሚንግሃም አናጢ የሆነው ዶልፈስ ጭምር፣ ከጥቁርና ከነጭ የተወለዱ ተብለው ተመዝግበዋል። የአባት ስም ግን የለም። በ1938 ስትሞት እንኳ የምስክር ወረቀቷ ላይ በወላጆቿ ስም ቦታ «አላውቅም» ተብሎ ተጻፈ።

ወረቀቱ ዝም ያለበትን ዲኤንኤ ተናገረ። ሰው ግማሹን ዘረመሉን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወርሳል፤ አምስት ትውልድ ወደ ላይ ካለ አንድ ቅድመ አያት የሚደርሰው በአማካይ ሦስት በመቶ ገደማ ነው። ዘር ፈላጊዎች ከቤተሰቡ አንጋፋውን ማስመርመር የሚመርጡት ለዚህ ነው። ምርመራው የጋራ ዘመድ መኖሩን ይጠቁማል እንጂ ስም አይጠራም፤ ስሙን መልሶ የሚያቀርበው መዝገብ ነው። የጥቁሮቹና የነጮቹ ሺልድሶች ዲኤንኤ ሲነጻጸር ዝምድናቸው ታየ፤ ስዋርንስም በ2012 ባሳተመችው መጽሐፍ የዶልፈስ አባት ቻርልስ መሆኑን አመለከተች።

በሜልቪኒያና በቻርልስ መካከል የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ቤተ ሙከራ አይመልስም። ሆኖም ዶልፈስ ሲወለድ እናቱ ገና ልጅ እግር ነበረች፤ እምቢ የማለት መብትም ሕጉ አልሰጣትም። ያኔ በኖረችበት በጆርጂያዋ ሬክስ በ2012 የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላታል።