በጋውን የሚሻገር ወባ እና ቅርጹን የሚለውጥ ኢንዛይም

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በገላባት በኩል እስከ ምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚዘልቀው ጥቁር አፈር የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። ወባው ክረምቱን ተከትሎ፣ አጨዳው ሲደርስ ይበረታል። በረጅሙ በጋ ትንኟ ስለምትመናመን በሽታው የጠፋ ይመስላል፤ ግን አይጠፋም። ሱዳናዊው ተመራማሪ ሐምዛ ባቢከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ በምሥራቅ ሱዳን ገጠር ተውሳኩ ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች ደም ውስጥ፣ በማይክሮስኮፕ እስከማይታይ ሳስቶ በጋውን ይሻገራል። መድኃኒት የለመደ ከሆነም ያንኑ ባሕርይ ይዞ ለመጪው ክረምት ይደርሳል።

መድኃኒት መልመድ ሲባል በተውሳኩ ውስጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? ፋንሲዳር የተባለውን የወባ መድኃኒት እንውሰድ። በውስጡ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ፓይሪሜታሚን፣ ተውሳኩ ዲኤንኤ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ዲኤችኤፍአር የተባለ ኢንዛይም ጉድጓድ ገብቶ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታይላንዱ ዮንግዩት ዩታቮንግ የተሳተፉበት ቡድን ይህን ኢንዛይም በክሪስታል መልክ አርግቶ፣ በኤክስሬይ የአተሞቹን አቀማመጥ አወጣ። ጤነኛውንም፣ መድኃኒት የለመደውንም።

ዋናዋ ልዩነት ትንሽ ናት። በኢንዛይሙ ሰንሰለት 108ኛው ቦታ ላይ የነበረው ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ በአስፓራጂን ተተክቷል። አስፓራጂን ከሴሪን ስለሚበልጥ ጫፉ ጉድጓዱ ውስጥ ገፍቶ ይገባና ከፓይሪሜታሚን የክሎሪን አተም ጋር ይጋጫል። መድኃኒቱ ድርቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማለፍ አይችልም። ደብሊውአር99210 የተባለው ሌላ ውህድ ግን መሐሉ ላይ የሚተጣጠፍ ሰንሰለት ስላለው እንቅፋቱን ዞሮ ይገባል። በምሥራቅ ሱዳን ተውሳኮች ላይ በብዛት የተገኘው ለውጥ ይኸው የ108ኛው ቦታ ነው፤ 51ኛውም አብሮት ይሄዳል።

ክሪስታል ሲባል ሁሉም ቅጂ አንድ ዓይነት ይመስለናል። አይደለም። በአንዱ ክሪስታል ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ የአንድ ፕሮቲን ቅጂዎች እንኳ በጥቂቱ ይለያያሉ። የሚወዛወዙት ክፍሎች ደግሞ፣ ፎቶ ሲነሳ እጁን ያንቀሳቀሰ ሰው እጅ እንደሚደበዝዝ፣ በምስሉ ላይ ይደበዝዛሉ ወይም ጭራሽ አይታዩም። በእኔ እምነት መድኃኒት ለሚሠራ ሰው ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ኢንዛይሙ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሆነ፣ በአንድ ቅርጽ ልክ ብቻ የተሰፋ መድኃኒት አንዲት አሚኖ አሲድ ስትለወጥ ይከሽፋል። እነዩታቮንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቁት ፒ218 የተባለ ውህድ የተቀረጸው ይህ ታስቦ ነው፤ ይተጣጠፋል፣ ኢንዛይሙ ራሱ የሚሠራበት ንጥረ ነገር ከሚይዘው ቦታም አይወጣም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ፋንሲዳርን ትታ ኮአርተም ወደተባለው ሌላ የወባ መድኃኒት ዞራለች። ስለዚህ ለአጨዳ ወደ መተማም ሆነ ወደ ገዳሪፍ የምትወርዱ ወገኖች፣ ትኩሳት ሲይዛችሁ ከኪስ የተገኘ አሮጌ ክኒን አትዋጡ። ደማችሁን አስመርምሩ፤ የታዘዘላችሁንም እስከ መጨረሻው ውሰዱ።