ያማረውን ጎመን ለዘር ተዉት

ጎመን የሚበላ ልጅ ብዙ ነው፤ የጎመን ዘር አይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከተማ ያደጉ ልጆቻችን ዘር ማለት በፓኬት ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ይመስላቸዋል። እኔ በየዓመቱ የምዘራው የሐበሻ ጎመን ከእናቴ ጓሮ የመጣ ነው። እናቴ ካረፈች 11 ዓመት አልፏል፤ ጎመኗ ግን ዘንድሮም በቅሏል። ግንዱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ እሳት ላይም ቶሎ ይበስላል።

የሐበሻ ጎመን ተራ አትክልት ይመስላል እንጂ ታሪኩ ያስገርማል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ የተገኘው ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን የሆነ ተክል ተዳቅለው ነው። ቅጠሉ ለወጥ፣ ዘሩ ደግሞ ለዘይትና ለምጣድ ማሰሻ ይውላል። የአንዱ አካባቢ ጎመን ከሌላው በቅጠሉ፣ በግንዱ ቀለምና በሚያብብበት ጊዜ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የዘር ባንክ አዲስ አበባ ውስጥ አለን፤ የእያንዳንዳችንን እናት ዘር ግን ከእኛ በቀር ማን ያስቀምጥልናል?

ልጆችን ለማስተማር ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ይልቅ የሐበሻ ጎመንን እመርጣለሁ። ሁለቱ ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ይሻሉ። የሐበሻ ጎመን ግን ዓመት ሳይሞላው አብቦ ያፈራል፤ ልጁ ከዘር እስከ ዘር ያለውን ጉዞ በዓይኑ ያያል።

የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ አምና ከሁሉ የፋፋውን እያሳየኝ፣ «እማማ፣ ለምሳ ይሄን እንቁረጠው» አለኝ።

«እሱ አይበላም፤ ለዘር ነው» አልኩት።

«ትልቁ?» ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ።

አዎ፣ ትልቁ። ያማረውን በልተን የቀጨጨውን ለዘር ካስቀረን ለከርሞ የምንዘራው ቀጫጫውን ነው። ስለዚህ አምስት ስድስት ጤነኛ እግር መርጠን ቀይ ክር አሰርንባቸው። ከሌሎቹ የታች የታቹን ቅጠል እየቀነጠስን በላን፤ ክር ያላቸውን አልነካንም። ከሁሉ ቀድሞ የሚያብበውን ለዘር አትምረጡ፤ ከእሱ የሚበቅለውም ቅጠል ሳይጠገብ ወደ አበባ ይቸኩላል። ሰናፍጭም አጠገቡ አብሮ እንዲያብብ አትፍቀዱ፤ ሊዳቀሉ ይችላሉ።

ቢጫው አበባ ረግፎ ቀጫጭኖቹ የዘር ከረጢቶች ሲደርቁ፣ ተሰንጥቀው ሳይበትኑ ግንዱን ቆርጠን በጨርቅ ላይ ዘቅዝቀን እንሰቅላለን። ከዚያ አሽተን በሰፌድ እናበጥራለን፤ ጥላ ውስጥ ደህና አድርገን እናደርቃለን። ዘሩ በደንብ ከደረቀና እርጥበት በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ይበቅላል። ስለዚህ ዓመት ቢያልፈን አንደንግጥ፤ ለብዙ ዓመት ግን አንርሳው።

ዘር የሚጠበቀው በመደበቅ ብቻ አይደለም፤ በማካፈልም ነው። እህቴ ከድሮ ሰፈሯ ወደ ኮንዶሚኒየም ስትዛወር የእናታችን ዘር የነበረበት ብልቃጥ ከዕቃ ጋር ጠፋ። በእሷ ቤት የእናታችን ጎመን አበቃለት ማለት ነበር። ደግነቱ እኔ ዘንድ ነበረና አንድ የሻይ ማንኪያ ሰጠኋት። አሁን አፈርና ብስባሽ በሞላችው ማዳበሪያ ከረጢት ሰገነቷ ላይ ታበቅላለች። ነገ የእኔ ቢጠፋ ከእሷ እወስዳለሁ።

እናንተም ዘንድሮ ከወላጆቻችሁ ወይም ከዘመድ ትንሽ ዘር ለምኑ። ሰብስባችሁ ስታስቀምጡ ደግሞ ብልቃጡ ላይ የሚጽፈው ልጁ ይሁን፦ የማን ዘር እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሰበሰበ። የእኛው ብልቃጥ ላይ የልጅ ልጄ በተንጋደደ ፊደል የቅድመ አያቱን ስም ጽፎበታል። በሕይወት ሳለች አላያትም፤ ጎመኗን ግን ለይቶ ያውቃል።