የሳቮይ ሆቴል የአሜሪካን ባር

ለንደን ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ አጠገብ ያለው ሳቮይ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1889 ሲከፈት የኤሌክትሪክ መብራትና ሊፍት ነበረው፤ ለዘመኑ ይህ ራሱ መነጋገሪያ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የአሜሪካን ባር ተከፈተ። ስሙ ስለ ባለቤቶቹ አገር የሚናገረው ነገር የለም። ያን ጊዜ በአውሮፓ «የአሜሪካን ባር» ሲባል በአሜሪካኖች ወግ መጠጥን ከመጠጥ ቀላቅሎ፣ በበረዶ አቀዝቅዞ የሚያቀርብ ቤት ማለት ነበር። ዛሬም እዚያ የሚያመሽ ሰው ፒያኖውን፣ የአስተናጋጆቹን ነጭ ኮትና የደበዘዘውን መብራት አይቶ የቤቱ ክብር ከዚያ የመጣ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ክብሩ የመጣው ከባንኮኒው ጀርባ ከሚቆመው ሰው እጅ ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ ባር ከሁሉ አስቀድሞ የሙያ ቤት ነው፤ ድሎቱ የመጣው ሙያውን ተከትሎ ነው።

ለዚህ አዳ ኮልማንን የሚያህል ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል ባሩን በኃላፊነት መርታለች። ከደንበኞቿ አንዱ የቲያትር ሰው ቻርልስ ሆትሪ ነበር፤ ሥራ አድክሞት ሲመጣ ጉልበት ያለው ነገር እንድትሰጠው ይጠይቃት ነበር። ሰዓታት ወስዳ፣ እየቀመሰች እየጣለች ያገኘችው ቅልቅል «ሃንኪ ፓንኪ» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠጣል። ግማሹ ጂን፣ ግማሹ ጣፋጭ ቀይ ቨርሙዝ ሲሆን፣ በላዩ ፈርኔት ብራንካ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ፈርኔት አዲስ አበባ ግሮሰሪ ለሚያመሽ ሰው እንግዳ ስም አይደለም፤ ከብዙ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር የሚዘጋጅ፣ ፊት የሚያስኮሰኩስ መራራ ነው። ጌሾ ለማሩ የሚሆንለትን እዚህ ፈርኔቱ ለቨርሙዙ ይሆንለታል፤ ጣፋጩን ልጓም ያበጅለታል። ከባዱ ሥራ ያለው ግን በረዶው ላይ ነው። ባርማኑ በረጅም ማንኪያ ሲያማስል በረዶው መጠጡን ከማቀዝቀዝ አልፎ እየቀለጠ ይገባበታል፤ በመጨረሻ ብርጭቆው ውስጥ ካለው ሩብ ገደማው ይኸው ውሃ ነው። ቶሎ ካቆመ መጠጡ ጉሮሮ ይፋጃል፣ ካዘገየ ደግሞ ይቀጥናል። ስለዚህ የማንኪያው ድምፅ ሲለሰልስ ይሰማል፣ የብርጭቆው ጎን ጤዛ ሲያወጣ ያያል፤ ከዚያ አጥልሎ ይቀዳል። የብርቱካን ልጣጭ በጣቶቹ መካከል ቆልመም ሲያደርግ ዘይቱ እንደ ጉም መጠጡ ላይ ያርፋል፤ ጠጪው ከመቅመሱ በፊት አፍንጫው ይቀበለዋል።

እንዲህ ያለ ብርጭቆ ትንሽ የሚሆነው እራት ስለሚከተለው ነው። መራራው የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል እንጂ ሆድ አይሞላም። ሳቮይ እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1898 ወጥ ቤቱን ያስመራው በኦጉስት ኤስኮፊዬ ነበር፤ ኤስኮፊዬ ማብሰያውን በክፍል በክፍል ደልድሎ፣ ለያንዳንዱ ሥራ ኃላፊ ሰጥቶ፣ ሳህኑ ትኩሱን ጠረጴዛ ላይ እንዲደርስ ያደረገ ሰው ነው። ኋላም ሙያውን በመጽሐፍ አሰፈረ። የባሩም የወጥ ቤቱም ሥርዓት አንድ ነው፤ መለኪያ፣ ተራ፣ ትናንት የተወደደውን ጣዕም ዛሬም መድገም።

መጠጥ መጠጥ ነው፣ ሰው የሚጎዳውን ነገር ሙያ ብሎ ማክበር ምን ይባላል የሚል ይኖራል። ጉዳቱን አልክድም፤ ቤተሰብ የሚበትን መጠጥ መኖሩን የማያውቅ የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1920 አልኮል መሸጥን በሕግ ስትከለክል ይህንኑ ብላ ነበር። ክልከላው እስከ 1933 ሲቆይ ግን መጠጡ ወደ ድብቅ ቤቶች ገባ፣ በየጓዳው የተጠመቀው መርዛማ ሳይቀር ተሸጠ፤ አገር ለቀው የሄዱት መለኪያ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። ሃሪ ክራዶክ ከነዚህ አንዱ ነው። እንግሊዝ ተወልዶ ሙያውን አሜሪካ ያካበተው ይህ ሰው በዚያው በ1920 ወደ ለንደን ተመልሶ ሳቮይ ገባ፣ ከኮልማን በኋላም ባሩን መራ። አሜሪካ ውስጥ ሊሠራ ያልተፈቀደው የአሜሪካኖች ሙያ ለንደን ሆቴል ውስጥ ተጠልሎ ከረመ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ለባርማን ቋሚ ደመወዝ፣ ጥሩ ዕቃና የሚያስተምረው ረዳት ባይሰጠው ኖሮ ይህ እውቀት ምን ያህሉ ይተርፍ ነበር?

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ቤቱ የባለጸጎች ነው፣ አንድ ብርጭቆ የብዙዎችን የቀን ገቢ ይበላል ይባላል። እውነት ነው፤ በሩ ለሁሉ እኩል ተከፍቶ አያውቅም፣ ከባንኮኒው ጀርባም ቢሆን ከኮልማን በኋላ ሌላ ሴት ዋና ባርማን እስክትሆን እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ድረስ ተጠብቋል። ዋጋው ግን ሙያውን እዚያው ቆልፎ አላስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ1930 ክራዶክ 750 ያህል ቅልቅሎችን በመጽሐፍ አወጣ፣ የኮልማንን ሃንኪ ፓንኪም ከነልኩ አሰፈረው። በዚህ የተነሳ የሳቮይን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ባርማን ጂን፣ ቨርሙዝ፣ ፈርኔትና ንጹሕ በረዶ ካለው፣ እጁንም ካሠለጠነ፣ ያችኑ ብርጭቆ የትም ከተማ ላይ ያቀርባል።