ከጠብታ እስከ ጀሪካን

ውኃ ሲቋረጥ የማያማርር የከተማ ነዋሪ የለም። ይሁን እንጂ ውኃ በሚመጣበት ቀን በየጓሮው ካለው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ የሚለውን አሮጌ ቧንቧ ልብ ብሎ የሚመለከት ስንቱ ነው? እኛም ሐረር ውስጥ በምንኖርበት ቤት ይህንኑ ድምፅ ለወራት ስንሰማ ኖረን እንደ ግድግዳ ሰዓት ለምደነው ነበር።

አንድ ምሽት ግን ባዶ ጣሳ ከሥሩ አስቀመጥን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሊትር ተጠራቀመ። ይህ ሳያቋርጥ ቢቀጥል በቀን 12 ሊትር፣ በዓመት 4,380 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 219 ጀሪካን ማለት ነው። ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከሩቅ ለምትመላለስ እናት ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም።

ሐረር ደግሞ የውኃን ዋጋ በመከራ የተማረች ከተማ ናት። ለብዙ ዓመታት ያጠጣት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለስ ቢጀምርም፣ ከተማዋ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች በሞተር እየተገፋ የሚመጣ ውኃም ትጠቀማለች። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የመጣ ውኃ በጓሮአችን በከንቱ ሲፈስ ዝም ማለት አሳፈረን።

አስቀድመን የውስጡን ጎማ ለወጥን፤ በብዙ ቤት መድኃኒቱ ይኸው ብቻ ነው። የእኛ ቧንቧ ግን ጎማው የሚያርፍበት ናስ ራሱ ተበልቶ ስለ ነበር ከመለወጥ በቀር ሌላ መፍትሔ አልተገኘለትም። በመሆኑም ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ዘጋን፤ በመስመሩ የቀረውን ውኃ በባልዲ አጠራቀምን፤ ከዚያም ቁልፉን ይዘን አሮጌውን ቧንቧ በጉልበት መታገል ጀመርን።

በአጥር ማዶ ሲመለከቱን የነበሩ ጡረተኛ የአሥር አለቃ አላስቻላቸውም። «ጌታዬ፣ በሁለት ቁልፍ ይሁን እንጂ! ግድግዳው ውስጥ ያለው ከተሰበረ ጠብታው ጎርፍ ይሆናል» አሉን። እውነት ነበር። በአንደኛው ቁልፍ ከግድግዳው የወጣውን የብረት ቧንቧ አጥብቀው ያዙልን፤ እኛ በሁለተኛው አሮጌውን ወደ ግራ አዞርን። ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገን ብንታገሥ ያለ ጉዳት ወለቀ።

የሚቀጥለው ሥራ ከጉልበት ይልቅ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የግማሽ ኢንቹን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጸዳን፤ ዝገቱንና ዘይቱንም ጠረግን። በአዲሱ ቧንቧ ጥርስ ላይ፣ ጫፉን ወደ ራሳችን አዙረን፣ ቴፍሎኑን በሰዓት አዟዟር አሥር ጊዜ ያህል ጠቀለልን፤ በተቃራኒው የተጠቀለለ እንደሆነ ሲጠብቅ ይፈታልና። መጀመሪያ በእጅ፣ በመጨረሻም በቁልፍ በልኩ አጠበቅን። ከልክ በላይ ማጥበቅ አዲሱን ናስ ይሰነጥቃል። ዋናውን መዝጊያ ቀስ ብለን ከፈትን፤ መጋጠሚያውንም በደረቅ ወረቀት ዳሰስን፤ ወረቀቱ አልረጠበም። መጀመሪያ የወጣውን ድፍርስ ውኃ ግን ለመጠጥ አላዋልነውም፤ ከባልዲው ውኃ ጋር ለአትክልት ሆነ።

ሥራው ከአንድ ሰዓት አልፈጀም። ለወራት ያዘገየን የገንዘብ ወይም የዕውቀት ማነስ ሳይሆን ጠብታን መናቅ ነበር። በጉዞ ላይ ኮዳውን በጥንቃቄ የሚይዝ ወታደር ቤቱ ሲገባ ቧንቧውን ቸል የሚልበት ምክንያት የለም፤ የከተማውም ነዋሪ እንዲሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አንባቢያችን ሆይ፣ ዛሬ ማታ አንድ ባዶ ጣሳ ከቧንቧዎ ሥር ያስቀምጡ። ጠዋት የሚያገኙት ውኃ ምን መደረግ እንዳለበት ራሱ ይነግርዎታል።