ሐራ ላይ በልግ ሲዘገይ፦ የዝናብ መዋዠቅ በደረቅ አካባቢ ዕፅዋት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

በሰሜን ወሎ ዞን፣ ከወልድያ ከተማ በስተምሥራቅ በሚገኘው የሐራ ሜዳና በሐብሩ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ሚያዝያ የውሳኔ ወር ነው። አርሶ አደሩ ለረጅም ዘመን የኖረበት የማሽላ አዝመራ በበልግ እርጥበት ተዘርቶ፣ ክረምቱን በሙሉ ማሳ ላይ ቆይቶ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታጨድ ነው። ደጋሊትንና ጅጉርቲን የመሳሰሉት ነባር ዝርያዎች ለመድረስ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። የሚያዝያ ዝናብ ከቀረ ወይም ከግንቦት አጋማሽ ካለፈ ግን ያ ዘር ጎተራ መዋል ይኖርበታል፤ ዘግይቶ የተዘራ ረጅም ማሽላ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ክረምቱ ወጥቶ ያገኘዋልና። የሚቀረው አማራጭ እስከ ሐምሌ ጠብቆ ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ፣ ጤፍ ወይም እንደ ማሾ ያለ ጥራጥሬ መዝራት ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚመገበው እህልና ከብቶቹ የሚበሉት አገዳ በዚህ ውሳኔ ላይ ይመሠረታል።

ስለ ዝናብ ሲነሳ በብዛት የሚጠየቀው «ዘንድሮ ስንት ዘነበ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለዕፅዋት ግን ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል። ዕፅዋት የሚጠቀሙት ከሰማይ የወረደውን ሳይሆን ሥራቸው በደረሰበት ጥልቀት የቀረውን ውኃ ነው። ለምሳሌ በሁለት ዓመታት እኩል 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ በአንደኛው ዓመት ዝናቡ በየአራትና በየአምስት ቀኑ ተከፋፍሎ ሊወርድ፣ በሁለተኛው ደግሞ ግማሹ በጥቂት ከባድ ዶፎች ወርዶ በነሐሴ መሐል ሦስት ሳምንት ሊቋረጥ ይችላል። በመዝገብ ላይ ሁለቱ ዓመታት እኩል ናቸው። ማሳ ላይ ግን አንዱ አዝመራ፣ ሌላው ገለባ ነው።

ውኃው የት ይሄዳል?

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ በአንድ ሄክታር ሲሰላ 10,000 ሊትር ይሆናል። አኃዙ ትልቅ ቢመስልም በሞቃት ቆላ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ካፊያ የአፈሩን ገጽ ከማራስ አያልፍም፤ በማግሥቱ ፀሐይ ተንኖ ያልቃል። በአንጻሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወርድ ከባድ ዶፍ፣ በተለይም ዕፅዋት በሌለበትና ገጹ በጠነከረ መሬት ላይ፣ ወደ ውስጥ ለመስረግ ጊዜ ስለማያገኝ ለም አፈር ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የሐራና የግራና ሜዳዎች ከምዕራብ ባሉት ተራሮች ግርጌ የተዘረጉ በመሆናቸው እዚያ የጣለው ዝናብ በጎርፍ መልክ ይደርሳቸዋል። ጎርፉ አንድን ማሳ ሊያጠፋ፣ ሌላውን ሊያጠጣ ይችላል። በቆቦና በራያ አርሶ አደሮች ጎርፍን ከመውረጃው ጠልፈው ወደ ማሳ የማስገባት ነባር ልማድ ያላቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአፈር ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። አሸዋማ አፈር ውኃን ቶሎ ያስገባል፣ ቶሎም ይለቃል። ጥቁር መረሬ አፈር ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ይሁንና አጥብቆ ስለሚይዘው በትንሽ ዝናብ ለተክሉ የሚለቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ የአንድ ቀበሌ ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ዘርተው፣ አንድ ዓይነት ዝናብ አግኝተው የተለያየ ቡቃያ ቢያዩ የሚያስገርም አይደለም።

ዝናቡ ሲቋረጥ ተክሉ ምን ይሆናል?

ተክል በቅጠሉ ላይ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ያስገባል፣ በዚያው ቀዳዳም ውኃ ያጣል። እርጥበት ሲያንስ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። በዚህም ውኃውን ይቆጥባል፤ ነገር ግን ምግቡን የሚያዘጋጅበት ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለሚቋረጥበት ዕድገቱ ይቆማል። ማሽላ በዚህ ረገድ ከበቆሎ የተሻለ ነው። ቅጠሉ በሰም የተሸፈነ ነው፣ በድርቅ ጊዜ ይጠቀለላል፣ ሥሩ በጥልቀት ይሄዳል፤ ዝናብ ሲመለስም ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል።

ይህ ችሎታ ግን በሁሉም የዕድገት ደረጃ እኩል አይሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋናው አደጋ የሐሰት ጅማሬ ነው፦ አንድ ጥሩ ዝናብ ዘሩን ያበቅላል፣ ተከታይ ዝናብ ይጠፋል፣ ሥሩ ገና ጥልቀት ያልያዘው ቡቃያ ይደርቃል። ቡቃያው ከተያዘ በኋላ ያለው ጊዜ የተሻለ ጽናት የሚታይበት ነው፤ የአሥር ቀን መቋረጥ ማሽላውን ቢያቀጭጨውም አይገድለውም። ከሁሉ የከፋው ዛላው በቅጠሉ እጥፋት ውስጥ ማበጥ ከጀመረበት እስከ አበባው ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት የሚደርስ የእርጥበት እጥረት የፍሬውን ቁጥር ስለሚቀንስ በኋላ የሚመጣ ዝናብ አይክሰውም። ከአበባ በኋላ ሲሆን ደግሞ ፍሬው ይኮሰምናል፣ አገዳውም ተዳክሞ ይወድቃል። የነሐሴ መጨረሻና የመስከረም ዝናብ በቆላ ይህን ያህል የሚጠበቀው በዚህ የተነሳ ነው።

እዚህ ላይ ከብት አርቢዎች ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ አለ። በድርቅ የተጎዳ ለጋ ማሽላ፣ እንዲሁም ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲያገኝ እንደ አዲስ የሚያቆጠቁጠው ቀምበጥ፣ ሳይናይድ የተባለ መርዝ ሊያከማች ይችላል። የተራበ ከብት በብዛት ከበላው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል። አዝመራው ከሽፏል ተብሎ ከብት በማሳው ላይ ከመለቀቁ በፊት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። አጭዶ በደንብ ማድረቅ የመርዙን መጠን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ያልተዘራው ምን ያስተምራል?

ከማሳው ዳር ያሉት ዕፅዋት ለዚህ መዋዠቅ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ግራር፣ በደኖና ቁርቁራ ሥራቸውን ወደ ጥልቅ አፈር ስለሚሰዱ የአንድ ወር መቋረጥ ብዙም አያናውጣቸውም። ገርቢ ደግሞ ከሌሎች ዛፎች በተቃራኒ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ያለመልማል። በሥሩ የተዘራ እህል በክረምት ጥላ አይበዛበትም፣ ከብቶችም መኖ በሚጠፋበት ወራት ቅጠሉንና ፍሬውን ያገኛሉ። ቁልቋል ቀዳዳዎቹን ቀን ዘግቶ በሌሊት ስለሚከፍት የሚያጣው ውኃ ጥቂት ነው።

በተለይ የሚያስገርመው የአንድ ዓመት ሣሮችና አረሞች ጉዳይ ነው። ዘራቸው በአንድ ዝናብ ሁሉም አይበቅልም፤ ከፊሉ አፈር ውስጥ ተኝቶ ሌላ ዝናብ ወይም ሌላ ዓመት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ዝናብ ሐሰተኛ ከሆነ የሚጠፋው የበቀለው ብቻ ነው። ያለውን ዘር በአንድ ቀን ጨርሶ የማይዘራ፣ ለሁለተኛ ዘር የሚሆን የሚያስቀር አርሶ አደር ይህንኑ ጥበብ እየተጠቀመ ነው።

ለሰው የማይበጁትም በዚሁ መንገድ ይጠቀማሉ። የግጦሽ ሣር በድርቅ ሲመናመን ቅንጨ አረም ባዶውን መሬት ቀድሞ ይይዛል። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡንና ውኃውን ይቀማዋል፤ ጉዳቱም ለምነቱ ባነሰና እርጥበት ባጣ መሬት ይበረታል። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከማበቡ በፊት መንቀል ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሁለት ወቅት፣ ሁለት ምንጭ

የበልግ ዝናብ እርጥበቱን በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረቢያ ባሕር አቅጣጫ ያገኛል። የክረምቱ ደግሞ ዝናብ ሰጪው የአየር ቀበቶ ወደ ሰሜን በሚጓዝበት ጊዜ የሚመጣ ነው፤ የሰላማዊ ውቅያኖስ ገጽ ከወትሮው ሲሞቅ የሚከሰተው ኤልኒኖ በሰሜን ኢትዮጵያ ይህን ዝናብ ያዳክመዋል። ምንጫቸው የተለያየ በመሆኑ አንዱ ሲከሽፍ ሌላው ሊሳካ ይችላል፤ የሁለት ዓይነት ዘር አኗኗርም በዚህ ተስፋ ላይ የቆመ ነው። ተስፋው የማይሠራበት ዓመት ግን አለ። በ2007 ዓ.ም. አስቀድሞ በልጉ ከሸፈ፤ ከዚያም በኤልኒኖ ምክንያት ክረምቱ ደከመ። ረጅሙን ማሽላ ያጣው አርሶ አደር ሐምሌን ጠብቆ የዘራውንም አጣ። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ ምግብ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ዜጎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ በይፋ ተገልጿል።

የዘር ምርጫ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለእነዚህ ቆላማ አካባቢዎች የሚስማሙ ዝርያዎችን ሲያወጣና ሲያላምድ ቆይቷል። በሐብሩ ባለው ሸለቆ የተሰየመው ግራና-1 አንዱ ነው። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ካገኙት ከፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የማሽላ ምርምር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ጎብዬ የሚለው ስም በወልድያና በቆቦ መካከል ያለችውን ከተማ ያስታውሳል። ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች በአራት ወር ገደማ ስለሚታጨዱ በሐምሌ ተዘርተው ከመስከረም ድርቀት ሊያመልጡ ይችላሉ።

አርሶ አደሩ እነዚህን ዝርያዎች ለመቀበል ሲያመነታ ግንዛቤ አንሶት ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ነባሩ ማሽላ ቁመቱ ረጅም ነው። አገዳው የከብት መኖ፣ የማገዶና የቤት መሥሪያ ነው፤ እንጀራውም ይመረጣል። አጭሩ ማሽላ እህል ይሰጣል እንጂ ያን ያህል አገዳ አይሰጥም፤ ቀድሞ ስለሚደርስም የወፍ መንጋ ያተኩርበታል። ስለዚህ የሚመከረው በልጉ በጊዜው ሲገባ ነባሩን መዝራት፣ ሲዘገይ ለመለወጥ የሚያስችል ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ግን ከወዲሁ በእጅ መያዝ ነው። ዘር ፍለጋ በሐምሌ ከተጀመረ ብዙውን ጊዜ ይዘገያል።

በማሳ ላይ የሚሠራው ሥራም ከዘር ምርጫ አያንስም። በመስመር የተዘራ ማሽላ መካከል የሚወጣውን ቦይ በየጥቂት ሜትሩ በአፈር ቋጥሮ መዝጋት የዝናቡ ውኃ ሳይወርድ ባለበት እንዲሰርግ ያደርጋል። የአካባቢው አርሶ አደር በበሬ የሚያከናውነው ሽልሻሎም አረም ከማጥፋትና ቡቃያ ከማሳሳት ባሻገር የጠነከረውን የአፈር ገጽ ሰብሮ ውኃ ያስገባል።

መረጃ ከየት ይገኛል?

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበልግና ከክረምት መግቢያ በፊት የወቅት ትንበያ፣ በወቅቱ ውስጥ ደግሞ በየአሥር ቀኑ የግብርና ሜትሮሎጂ መግለጫ ያወጣል። ትንበያው «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» የሚሉ ዕድሎችን ያስቀምጣል። «መደበኛ» የተባለ ወቅት የሦስት ሳምንት መቋረጥ ሊኖረው ስለሚችል የወቅቱን ትንበያ ለዘር ዓይነት ምርጫ፣ የአሥር ቀኑን መግለጫ ደግሞ ለዘር ቀን መጠቀም ይገባል።

ባለሙያዎች ለዘር መጀመሪያ በስፋት የሚጠቀሙበት መለኪያ በሦስት ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ መጣሉና ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር ረጅም መቋረጥ አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያውን ማንም በቤቱ መለካት ይችላል፤ ከአፉ እስከ ግርጌው ስፋቱ እኩል የሆነ ቆርቆሮ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በገላጣ ቦታ ከተቀመጠ፣ የተጠራቀመውን ውኃ ከፍታ በማስመሪያ መለካት የዝናቡን መጠን በሚሊ ሜትር ያሳያል። አፈሩን በዶማ ቆፍሮ እርጥበቱ ከአንድ ስንዝር በላይ መውረዱን ማየትም ይረዳል።

ለአካባቢው ስለሚስማማ ዝርያና ስለ ዘር አቅርቦት የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ወይም በመርሳ የሚገኘውን የሐብሩ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። በስልክ የግብርና ምክር ማግኘት የሚፈልጉ ተገልጋዮች ለአርሶ አደሮች በተዘጋጀው 8028 ነፃ የስልክ መስመር ደውለው የሰብላቸውን ዓይነት በመምረጥ መረጃውን ማዳመጥ ይችላሉ።