ተጨማሪ መረጃ፦ የስፖርት መኪና ተሳቢ መጎተት ይችላል?

ሞተሩ ኃይለኛ ስለሆነ ብቻ መኪና ተሳቢ ይጎትታል ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር መልሱ የሚገኘው በበሩ ምሰሶ ወይም በኮፈኑ ሥር ከተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት ክብደቶች ተደርድረው ይነበባሉ፤ ሁለተኛው መኪናውና ተሳቢው ከነጭነታቸው አንድ ላይ ሊመዝኑ የሚችሉት ጣሪያ ነው። ይህ ቁጥር ከሌለ ወይም ዜሮ ከሆነ መኪናው መጎተት የለበትም። ሁለት ሰው የምትይዘው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ለመጎተት አልተፈቀደችም፤ መንጠቆ ቢበየድላትም ይህ አይለወጥም። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ደግሞ ከ750 ኪሎ ግራምም፣ ከጎታቹ ባዶ ክብደት ግማሽም መብለጥ አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን አጫጫኑ ነው፦ ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ይወዛወዝና ቀላሏን መኪና ከመሥመር ያስወጣታል።