የአጥቢያ ኮከብ አየርና የቤታችን ከሰል

በጭሮ ሊነጋጋ ሲል ከጨርጨር ተራሮች በላይ ደምቃ የምትታየው አጥቢያ ኮከብ፣ በኦሮምኛ በከልቻ የምትባለው፣ ኮከብ አይደለችም። ቬነስ የተባለች ፕላኔት ናት፤ እንደ ምድር ድንጋያማ፣ በመጠንም የምትቀራረባት። የልጅ ልጆች «እዚያ መኖር ይቻላል?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ያለው አየሯ ውስጥ ነው።

እኛ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በቬነስ ግን 96 በመቶው እሱ ነው። ደመናዋም የውኃ ሳይሆን የሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚገባው ማለት ነው። ይህ ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ያስገባና ሙቀቱን ይዞ ያስቀራል። ሚኤሶ ላይ በቀትር መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ የገባ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የቬነስ መሬት ሙቀት 465 ዲግሪ ገደማ ነው። ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው ሜርኩሪ እንኳ ይህን ያህል አትግልም። ሶቪየት ኅብረት በ1974 ዓ.ም ያሳረፈችው ቬኔራ 13 እዚያ መሥራት የቻለችው 127 ደቂቃ ብቻ ነበር።

«እኛ ጋስ እንዲህ ያለ ጋዝ የለም?» ካሉ፣ አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከትንፋሻችንም ይወጣል፤ በትንሹ አይጎዳም። እኔን የሚያሳስበኝ ዘመዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በቬነስ በጥቂቱ አለ፤ በእኛ ቤት ከሰል ሲነድ ይፈጠራል። አይታይም፣ አይሸትም። በነርስነት ዘመኔ «ጢሱ አልቆ ፍም ከሆነ በኋላ ምንም አያደርግም» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ! ያ ቀይ ፍም ነው የሚገድለው። ጋዙ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል።

በጭሮና በሂርና ብርዱ ሲጠና ቡና የተፈላበትን ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው፤ አራስ ካለች ደግሞ መስኮቱም ይደፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የጉልበት መክዳት ስለሆነ ወባ ወይም ብርድ ይመስላል። ነገር ግን ትኩሳት የለውም፤ የቤቱ ሰው በአንድ ጊዜ ይታመማል፤ ውጭ ሲወጣ ቀለል ይለዋል።

ያኔ በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፤ የተሻለው ቢመስልም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ከሰል እንደነበረ ለባለሙያው ንገሩ፤ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጋዝ ተታልሎ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።